የክርስትና ቁርስ ለ60 ሰው፦ ከአሥራ አንዱ ምግብ ስድስቱ ይበቃል

ጥያቄ፦ «እህቴ ወንድ ልጅ ወልዳ በሚመጣው ወር እሁድ ቀን ክርስትና ይነሣል። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን፣ ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ፣ 60 ያህል ሰው ቤታችን ቁርስ ይበላል። ከነዚህ 15ቱ ልጆች ናቸው፤ ሁለት ቤተሰብ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ይመጣሉ። አብዛኛው ሰው አስቀድሶ ስለሚመጣ ርቦት ነው የሚደርሰው። ዓይነቱ እንዲበዛ ብዬ ጨጨብሳ፣ ቂጣ ፍርፍር፣ የእንጀራ ፍርፍር፣ ቋንጣ ፍርፍር፣ እንቁላል ፍርፍር፣ እንቁላል በስልስ፣ ፈጢራ፣ ገንፎ፣ ፉል፣ ዱለትና ክትፎ አስቤአለሁ። ያለን ባለ አራት ዓይን የጋዝ ምድጃ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድና ሁለት የከሰል ምድጃ ነው። የምንሠራው አራት ሴቶች ነን። ሁሉንም ትኩስ አድርገን እንዴት እናቅርብ? ለእያንዳንዱስ ምን ያህል እንግዛ?» ከአዲስ አበባ

ምላሽ፦ አሥራ አንዱንም ትኩስ አድርጎ ማቅረብ አይቻልም። ይህ የትጋት ጉዳይ አይደለም፤ የእሳት ጉዳይ ነው። ባለ አራት ዓይን ምድጃ አራት ድስት የሚይዘው ድስቶቹ ለአንድ ቤተሰብ የሚበቁ ሲሆኑ ነው። ለ60 ሰው የሚሆን ድስት ሲጣድ መቀመጫው ሰፊ ስለሆነ አጠገቡ ያለውን ዓይን ይሸፍነዋል። ስለዚህ በእጅዎ ያለው ሁለት ትልልቅ ድስት የሚጣድበት ምድጃ፣ አንድ ምጣድ፣ ለሻይና ለቡና ደግሞ ከሰል ነው። የድግስ ምግብ የሚመረጠው ከዚህ ተነሥቶ ነው። እንግዳው ሲገባ እሳት ላይ መሆን ያለበት ምግብ ስንት ነው ብለው ይጠይቁ። የእኔ መልስ አንድ ብቻ ነው። የቀረው ቀድሞ ተሠርቶ ያለቀ፣ ተከድኖ ሙቀቱን ይዞ የሚቆይ፣ ወይም ከነጭራሹ እሳት የማይፈልግ መሆን አለበት።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ከዝርዝርዎ ብዙው ይወድቃል። ፈጢራ አንዱ በምጣድ ላይ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ 60ው ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ የመጀመሪያው እንግዳ ቡና ጠጥቶ ሲሰናበት የመጨረሻው ሰሃን ይዞ ይጠብቃል። ገንፎ ከድስት ወጥቶ ወዲያው ካልተበላ ይጠጥራል፤ ለ60 ሰው የሚሆነውንም ሳይጓጉል ማገንፋት የሁለት ሰው ክንድ የሚጨርስ ሥራ ነው። የእንጀራ ፍርፍር መረቁን ጠጥቶ ግማሽ ሰዓት ከቆየ ይላቁጣል። እነዚህ ሁሉ ጥሩ ምግቦች ናቸው፤ ግን የስድስትና የሰባት ሰው ምግቦች ናቸው።

ሁለተኛው የማርመው ነገር ዓይነት የሚለውን ነው። ዝርዝርዎን መልሰው ያንብቡት። ጨጨብሳና ቂጣ ፍርፍር የአንድ ምግብ ሁለት ስም ናቸው። እነሱን ከእንጀራና ከቋንጣ ፍርፍር ጋር ስናስቀምጥ አራት ቦታ የያዘው አንድ ሐሳብ ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን፦ ተቆራርሶ በበርበሬና በቅቤ የታሸ። ዱለትና ክትፎ ሁለቱም በሚጥሚጣና በቅቤ የተለወሰ ደቃቅ ሥጋ ናቸው። ሁለቱ እንቁላሎችም የሚጀምሩት ከአንድ ሽንኩርት ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ ሳህን ቢደረደርም የሚበላው ሰው የሚያገኘው ስድስት ያህል ጣዕም ነው፤ ከመካከሉም ቀዝቃዛ ነገር፣ ፍራፍሬ፣ ልጅ ሳይቃጠል የሚበላው አልጫ ነገር ማግኘት ያዳግታል። እውነተኛ ልዩነት የሚመጣው እህሉ ሲለያይ፣ አንዱ ደረቅ ሌላው ርጥብ ሲሆን፣ አንዱ የሚያቃጥል ሌላው ለስላሳ ሲሆን፣ አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። ይህ ከተጠበቀ ስድስት ምግብ ከአሥራ አንዱ የበለጠ ብዙ ሆኖ ይታያል፤ ይጣፍጣልም።

ዱለትና ክትፎን ግን ከሁሉ አስቀድሜ አወጣቸዋለሁ፤ ምክንያቱ የእሳት ብቻ አይደለም። ከጥሬ የበሬ ሥጋ የኮሶ ትል ይይዛል፤ ለብ ለብ ማድረግ ትሉን ለመግደል አይበቃም። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ የሚቆይበት ሰዓት ነው። ምግብ የሚያበላሹና ሰው የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎች በፍጥነት የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ እንኳ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ የሚመክረው ለዚህ ነው። የተፈጨ ጥሬ ሥጋ ደግሞ ከላይ የነበረው ሁሉ ወደ ውስጥ የተደባለቀበት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተገዝቶ፣ 3 ሰዓት ተከትፎ፣ እስከ 6 ሰዓት ጠረጴዛ ላይ የሚቆይ ክትፎ ሽማግሌዎች፣ ነፍሰ ጡሮችና ልጆች ለሚገኙበት ቤት አይሆንም። ክትፎ የሚበላው በተከተፈበት ሰዓት ነው።

ሥጋን መተው ሌላም ጥቅም አለው። ሙስሊም ጎረቤቶችዎ ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም፤ ዶሮም ቢሆን ያው ነው። ብዙ ጋባዥ ለእነሱ ለብቻ አንድ ጥግ ላይ ሳህን ያዘጋጃል። ልማዱ መልካም ነው፤ ዕርዱን ራሳቸው እንዲያርዱ አድርጎ ሙሉ ምሳ ለሚያበላም ትክክለኛው መንገድ እርሱ ነው። ለቁርስ ግን እንቁላል፣ ቅቤ፣ ጥራጥሬና እህል ብቻ ያለበት ጠረጴዛ ካዘጋጁ ጎረቤትዎ ይህ ምንድን ነው ብሎ ሳይጠይቅ ከሌላው ሰው ጋር ተሰልፎ ያነሣል። እኔ ይህንን በጣም እወደዋለሁ። ቤተሰቡ ክርስትና ያለ ሥጋ አይሆንም ካለ ቋንጣ ፍርፍር ብቻ ይጨመር፤ ቁሌቱ ከዋዜማው ስለሚሠራ እንጀራው ሊቀርብ ሲል በየትሪው ይታሻል። የራሱ ጭልፋ ይኑረው፤ ከሌላው ምግብ ራቅ ብሎም ይቀመጥ።

አሁን ወደ መጠኑ። ትልቁ ስሕተት እዚህ ነው፦ ሰው ምግቦቹን አንድ በአንድ እያነሣ ለእያንዳንዱ የ60 ሰው ይገዛል። የሰው ሆድ ግን የምግቡ ዓይነት በዛ ብሎ አይሰፋም። በእኔ ልምድ ርቦት የመጣ አዋቂ ረፋድ ላይ ፍራፍሬውንና መጠጡን ሳይጨምር ግማሽ ኪሎ ያህል ይበላል፤ ልጅ የዚያን ግማሽ። 45 አዋቂና 15 ልጅ ማለት 53 ሙሉ ድርሻ ነው፤ በኪሎ 26 ተኩል። ሳይታሰብ ለሚመጣ ሰው አንድ አሥረኛ ቢጨመር 29 ኪሎ የበሰለ ምግብ ይሆናል። ይህ 29 ኪሎ ነው ለስድስት ምግቦች የሚከፋፈለው።

የምመክርዎት ስድስቱ እነዚህ ናቸው፦ ድፎ ዳቦ፣ ቅንጬ፣ ፉል፣ ጨጨብሳ፣ እንቁላል ፍርፍርና ጭኮ። ከጎናቸው የተቆራረጠ ፍራፍሬ ይቀመጥ። ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላና እንቁላል አሉበት፤ ደረቁም ርጥቡም፣ አልጫውም የሚያቃጥለውም፣ ትኩሱም ቀዝቃዛውም አለ። እንግዳው ሲገባ እሳት የሚፈልገው እንቁላሉ ብቻ ነው።

ድፎ ዳቦው ከ4 ኪሎ ዱቄት 5 ኪሎ ተኩል ያህል ይወጣዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኮባ ተጋግሮ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይደር፤ በማግስቱ ሲቆረስ አይፈረፈርም፣ እንዲያውም ያምራል። ጭኮው ከ1 ኪሎ የበሶ ዱቄትና ከግማሽ ኪሎ ንጥር ቅቤ ይታሻል፤ ውኃ ስለሌለበት ሐሙስ ቢሠራም አይበላሽም። ልጆች በእጃቸው ይዘው እየሮጡ ይበሉታል። ለፍራፍሬው ፓፓያ፣ ሙዝና ብርቱካን 6 ኪሎ ይበቃል። ብርቱካኑና ፓፓያው ጠዋት ይቆረጡ፤ ሙዙ ስለሚጠቁር በልጣጩ ይቅረብ።

ቅንጬ 1 ኪሎ ተኩል ደረቅ ክክ ይፈልጋል፤ ለአንድ ኩባያ ክክ ሦስት ኩባያ ውኃ። ቅንጬ ቆሞ እያለም ውኃ መምጠጡን አያቆምም፤ ለዚህ ነው ድግስ ላይ ብዙ ጊዜ እንደ ጡብ ጠጥሮ የሚቀርበው። ትንሽ ቀጠን እንዳለ ያውርዱት፣ ቅቤውን ከወረደ በኋላ ይጨምሩ፣ ድስቱን በወፍራም ፎጣ ጠቅልለው ይክደኑት። አንድ ሊትር የፈላ ውኃም በፔርሙዝ አጠገቡ ያስቀምጡ፤ ሲጠጥር በጥቂቱ እየጨመሩ ያላሉታል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ጠረጴዛዎ ላይ ተማምኖ የሚበላው ይህንን ስለሆነ ጨውን ይቀንሱ፤ በርበሬ አይግባበት።

ፉል ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የድግስ ቁርስ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። 2 ኪሎ ተኩል ደረቅ ባቄላ ሲበስል 6 ኪሎ ይሆናል። ዓርብ ማታ በሦስት እጥፍ ውኃ ይዘፈዘፍ፤ ቅዳሜ ጠዋት ውኃው ተደፍቶ በአዲስ ውኃ ይቀቀል። በቅድሚያ ግን አንድ ነገር ይወቁ፦ ከውጭ አገር የምግብ አሠራር መጻሕፍትና ቪዲዮዎች የሚወሰደው የማብሰያ ሰዓት አዲስ አበባ ላይ አይሠራም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳቱን ቢያበዙት ውኃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ድሬዳዋ ላይ፣ 1,200 ሜትር አካባቢ፣ ያው ባቄላ ቶሎ ይበስላል። ፕሬሸር ኩከር ካለዎት ወይም ከጎረቤት ካገኙ ሰዓቱን በብዙ ያሳጥርልዎታል፤ ጥራጥሬ ስለሚያብጥና አረፋው መተንፈሻውን ስለሚደፍን ግን ከግማሽ በላይ አይሙሉት። ቲማቲምና ሎሚ ባቄላው ሙሉ በሙሉ ሳይለሰልስ አይግቡበት፤ ኮምጣጣ ነገር ልጣጩን ያጠነክረዋል፤ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ቢፈላ አይላላም።

ከበሰለ በኋላ ያለው ሰዓት ከማብሰሉ ይበልጣል። ከዓመታት በፊት ለአንድ የሠርግ መልስ 5 ኪሎ ባቄላ ማታ አብስዬ፣ አደራ እንዳይነካ ብዬ በትልቅ ድስት ከድኜ አሳደርሁት። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ይበላሻል ብዬ አላሰብሁም። ጠዋት ስከፍተው አረፋ አውጥቶ ኮምጥጦ ነበር። የትልቅ ድስት መሐል ለሰዓታት ሳይበርድ ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ለባክቴሪያ ከዚህ የተሻለ ቤት የለም። ያን ጠዋት ደጋሾቹ ፊት የቆምሁበትን ሰዓት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስለዚህ ፉሉን እንዳወረዱት ከሦስት ጣት በማይበልጥ ጥልቀት በየትሪው ይዘርጉት፤ ሲበርድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ። የእርስዎ ማቀዝቀዣ ካልበቃ የጎረቤት ይለምኑ፤ ለዚህ የማይተባበር ጎረቤት አላየሁም። እሁድ ጠዋት ሲያሞቁት እስከ መሐሉ እየተማሰለ በደንብ ይፍላ፤ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ቃሪያውና ከሙኑ የሚጨመሩት ያኔ ነው። እርጎ በላዩ ማድረግ ከፈለጉ በየሳህኑ እንጂ ድስቱ ውስጥ አይጨምሩት።

ለጨጨብሳ 3 ኪሎ ዱቄትና 600 ግራም ንጥር ቅቤ ይያዝ። ቂጣው ቅዳሜ ማታ ይጋገር፤ ትኩሱን እያለ ይቆራረስ፤ ቀዝቅዞ ሲቆረስ ይደቅቃል። በደንብ ሲበርድ ክዳን ባለው ዕቃ ይደር። እሁድ ጠዋት ቅቤው በስሱ እሳት ይቅለጥና በርበሬው ይግባበት፤ እሳቱ ከበዛ በርበሬው አርሮ ይመርራል። ቂጣው ከታሸ በኋላ የምግብ ፔርሙዝ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይበላሽ ይቆያል። ከጠቅላላው ሲሶውን ያለ በርበሬ፣ በቅቤ ብቻ ይሹት፤ የልጆች ድርሻ ነው። ማሩ ለየብቻው በጎድጓዳ ሳህን ይቅረብ።

ማር ካነሣሁ አይቀር፦ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በፍጹም አይቀመስ። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር የሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ ጡንቻ የሚያሽመደምድ መርዝ ያወጣል፤ ማሩን ማፍላትም ዘሩን አይገድለውም። ክርስትና ላይ ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጣቷን ማር ነክራ የምታቀምስ ደግ አክስት አትጠፋም። እርስዎም አክስቱ ነዎትና ይህንን ጠብቁልኝ።

ሦስት ትሪ፣ ማለትም 90 እንቁላል፣ በቂ ነው። እንቁላል በአንድ ጊዜ በትልቅ ድስት ተሠርቶ ሲቆይ ውኃ ይተፋል፣ እንደ ጎማ ይጠነክራል፣ አረንጓዴ ወደ መሆን ያደላል፤ አረንጓዴው ቀለም ከነጩ የሚወጣው ድኝ ከአስኳሉ ብረት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው እንጂ እንቁላሉ አሮጌ ሆኖ አይደለም። መፍትሔው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። አንድ ኪሎ ተኩል ሽንኩርትና ያንኑ ያህል ቲማቲም ከዋዜማው ውኃው እስኪመጥጥ ይጠበስ፤ እንደ ፉሉ ተዘርግቶ ይብረድና ማቀዝቀዣ ይግባ። እንግዳው ሲደርስ በሰፊ መጥበሻ የስልሱ አንድ ስድስተኛ ይሙቅ፣ 15 እንቁላል ይሰበርበት፣ አምስት ደቂቃ። ስድስት ዙር ማለት ግማሽ ሰዓት ነው፤ 60 ሰው አንሥቶ ለመጨረስም የሚፈጅበት ጊዜ ያው ስለሆነ እያንዳንዱ ሰው ትኩስ ያገኛል። ፈሳሽ እንዳይቀር እንጂ እንዳይደርቅም ይጠንቀቁ። ይህን ሥራ የምትይዘው ሴት ሌላ ምንም ሥራ አይሰጣት።

እሁድ ጠዋት ሁለቱ ትልልቅ ድስቶች፣ ቅንጬውና ፉሉ፣ ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምረው ይጣዱ፤ 3 ሰዓት ላይ ወርደው ተከድነዋል። ከዚያ ጨጨብሳው ይታሻል። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ምድጃው ባዶ ሆኖ መጥበሻውን ይጠብቃል። ከአራታችሁ ሁለታችሁ እስከዚያ ድረስ ወጥ ቤቱን ስትይዙ ሁለቱ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይችላሉ። አሥራ አንድ ምግብ ቢሆን ኖሮ አንዳችሁም ክርስትናውን አታዩትም ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ይወስዳል፤ የውኃ ማፍያም አብሮ ከተሰካ መስመሩ ይወድቃል። መብራትም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ እሁድ ጠዋት ምጣዱ ላይ የሚደገፍ ምንም ሥራ አላስቀረሁም፤ የጋዝ ሲሊንደሩን ግን ቅዳሜ መዝነው ወይም አንሥተው ይፈትሹት።

ከሰሉ ከቤት ውጭ ወይም በረንዳ ላይ ይሁን። የተቀጣጠለ ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ሳያውቀው ራሱን ያስተዋል፣ ይገድላልም። አራሷና የ40 ቀን ሕፃን ባሉበት ቤት፣ ለቡና ማድመቂያ ተብሎ እንኳ ከሰል ሳሎን ውስጥ አይግባ። ቡናው ውጭ ይፍላ፤ ጀበናው ይዞር። ግማሽ ኪሎ የተቆላ ቡና አቦልን ለሁሉ አዳርሶ ለቶናና ለበረካ ይተርፋል። ሻይ ቀረፋና ቅርንፉድ ገብቶበት 12 ሊትር ይበቃል፤ ቀድሞ ተፈልቶ ፔርሙዝ ውስጥ ይቆይ።

አቀራረቡ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። መጀመሪያ፣ ሰው እንደገባ ወደ ጠረጴዛው አይጠራ። የቆረበ ሰው 18 ሰዓት ጾሞ ነው የሚመጣው፤ ሌላውም ከማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሰም። ካህኑ ወይም አንድ ሽማግሌ ባርከው ዳቦው ይቆረስ፤ ቁራሽ ዳቦና ሻይ በተቀመጠበት ይድረሰው። ያ ዳቦ ረሃቡን ያስታግሳል፣ ግፊያውን ያስቀራል፣ ለእንቁላሉም ጊዜ ይሰጣል። ቀጥሎ፣ ጠረጴዛውን ከግድግዳ አርቀው መሐል ላይ ያድርጉትና በሁለቱም ወገን ሰው ይሰለፍ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ደቂቃ ቢፈጅ በአንድ መስመር አንድ ሰዓት የሚወስደው በሁለት መስመር ግማሽ ሰዓት ይሆናል። እንቁላሉ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ፤ መጀመሪያ ላይ ካለ ፊተኞቹ ሳህናቸውን በእርሱ ይሞሉና ኋለኞቹ አያገኙም።

ቀኑ ጾም ላይ ከዋለ ዝርዝሩ ይለወጣል፤ አካሄዱ ግን አይለወጥም። በዐቢይ ጾም፣ በነቢያት ወይም በፍልሰታ ውስጥ ያለ እሁድ የመጾሚያ ሰዓቱ ቢቀርም ጥሉላት አይበላበትም። ያኔ በእንቁላሉ ፈንታ የሱፍ ፍትፍት ይግባ፤ እሳት ስለማይፈልግ ሥራው እንዲያውም ይቀልላል። ሱፉ ግን ጠዋት ተጨምቆ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቅረብ፤ ቶሎ ይኮመጥጣል። ጨጨብሳውና ቅንጬው በዘይት ይሠሩ፤ ፉሉ ያለ እርጎ። በጭኮው ፈንታ በማርና በውኃ የተበጠበጠ በሶ ይሁን።

ከሁለት ሰዓት በላይ ጠረጴዛ ላይ የቆየ እንቁላልና ፉል አይቀመጥ፣ ለሰውም አይቋጠር። ዳቦውና ጭኮው ግን ተቋጥረው ቢሄዱ ምንም አይሆኑም፤ ለመሸኛ የሚያምሩትም እነሱ ናቸው።

ገንፎውን ከዝርዝሩ አውጥቼዋለሁ፤ ከቤቱ ግን አላወጣሁትም። እንግዳው ከመምጣቱ በፊት፣ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ባዶ በሆነው ምድጃ ላይ የሁለት ሰው የገብስ ገንፎ ያገንፉና መሐሉን ቅቤና በርበሬ ሞልተው እህትዎ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች በትኩሱ ይስጧት። እንግዳ ከገባ በኋላ ማንም አያስታውሳትም፤ ሕፃኑን ስታጠባና ሰው ስትቀበል ሳትበላ ነው ቀኑ የሚመሽባት።